ሳሌም ላይ በጥንቆላ የተከሰሰች አያት አለችን ከተባላችሁ እንዴት ታጣራላችሁ

ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው፣ አማቴ ሁሌ "በ1692 ሳሌም ላይ ጠንቋይ ናት ተብላ የተቃጠለች አያት አለችን" ይላሉ (ሳሌም አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ናት፣ ያኔ ብዙ ሰው በጥንቆላ ተከሶ የተዳኘባት)፣ ስፈልግ መጀመሪያ ያወኩት ሳሌም ላይ በእሳት የተቃጠለ ሰው የለም፣ 19 ሰው በገመድ ተሰቀለ ጃይልስ ኮሪ የሚባል ሽማግሌ ደሞ ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ። ስለዚህ የቤተሰቡን ወሬ ጻፉት ግን ቶሎ አትመኑት።

ከራሳችሁ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ፣ እኛ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው። ፋሚሊሰርች የሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ነፃ ነው፣ የሳሌምን የፍርድ ቤት ወረቀቶች ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ኦንላይን አስቀምጧቸዋል።

ስም ላይ ተጠንቀቁ! አንዱ ሰው በሦስት አይነት ስፔሊንግ ይጻፋል፣ "ጁኒየር" ሲልም የግድ ልጅ ማለት አይደለም፣ እዛው ከተማ ካለው ሞክሼው በእድሜ የሚያንስ ሊሆን ይችላል። ቀኑም ያምታታል፣ ያኔ የእንግሊዞች ዓመት የሚገባው ማርች 25 ስለነበር ፌብሩዋሪ 1691/2 የሚል ታያላችሁ (በድሮው አቆጣጠር 1691፣ በአሁኑ 1692 ማለት ነው)፣ በሁለት ካላንደር ለምንኖር ለኛ ግን ምኑ ይከብዳል። ለኔ ከሁሉም የጠቀመኝ በ1710 የተከሳሾቹ ዘመዶች ያስገቡት የካሳ ማመልከቻ ነው፣ ማን የማን ልጅ ማን የማን ባል እንደሆነ እዛ ላይ ይገኛል።

የኛዋ ተከሳሽ ሳትሆን ምስክር ሆና ተገኘች፣ በሰው ላይ የመሰከረች። ለአማቴ እስካሁን አልነገርኳቸውም።