አሜሪካ ኮሌጅ ስታመለክቱ እርዳታውን ከመጀመሪያው ጠይቁ

ከኢትዮጵያ ሆናችሁ አሜሪካ ላሉ ተፈላጊ ዩኒቨርሲቲዎች የምታመለክቱ ልጆች፣ ይቺን ልብ በሉልኝ። ፎርሙ ላይ የገንዘብ እርዳታ ትፈልጉ እንደሆነ ይጠየቃል። ብዙ ልጅ «ዕድሌን ያበላሽብኛል፣ ከገባሁ በኋላ እጠይቃለሁ» ብሎ «አልፈልግም» የሚለውን ይመርጣል። እባካችሁ አታድርጉት! ብዙ ኮሌጆች ሲያመለክት ያልጠየቀን የውጭ ተማሪ በኋላ አይረዱም፤ አንዳንዶቹ እስኪመረቅ ድረስ።

ፍርሃቱ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኞቹ የውጭ ተማሪ ሲመርጡ የመክፈል አቅሙንም ያያሉ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ ዳርትመዝና አምኸርስት አያዩም፤ ከተቀበሏችሁ ደግሞ ቤተሰብ የማይችለውን ይሸፍናሉ። መግባቱ እጅግ ከባድ ስለሆነ እነሱን ብቻ አትያዙ።

የማመልከቻ ክፍያው ከከበዳችሁ ኮመን አፕ (በአንድ ፎርም ለብዙ ኮሌጆች የምታመለክቱበት ድረ ገጽ) ላይ ነፃ እንድትሆኑ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ኮመን አፕ የማይጠቀሙትን፣ ለምሳሌ ኤምአይቲን፣ በራሳቸው ፎርም ጠይቁ። ሲኤስኤስ ፕሮፋይልን (ብዙ ኮሌጆች እርዳታ ለመስጠት የሚጠይቁትን የቤተሰብ ገቢ ፎርም) ስትሞሉ የቤተሰብ ገቢን በብር ጻፉ፤ ወደ ዶላር የሚቀይረው ሲስተሙ ነው። የአባት ወይም የእናት የደመወዝ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት ማኅተም ተመትቶበት፣ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር አሁኑኑ ይዘጋጅ። እሱን ማስጻፍ ነው ጊዜ የሚበላው።