ኢ. ኮላይን በዘረመል አሻሽሎ ብዙ ሃይድሮጂን እንዲያመርት ማድረግ

ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አየር በሌለበት ስኳር ሲያብላላ ማንም ሳይነካው ሃይድሮጂን ያወጣል። ለዚህ ሥራ ቁልፍ የሆነውን ኢንዛይም የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪዎቹ ማርጆሪ ስቲቨንሰንና ስቲክላንድ በ1931 እ.ኤ.አ. ሃይድሮጂኔዝ ብለው ሰይመውታል። ሃይድሮጂን ማውጣት ተፈጥሮው ስለሆነ አብዛኛው ድካም ባክቴሪያው ያለውን የሚያባክንባቸውን በሮች መዝጋት ላይ ነው። የትኛው በር መዘጋት እንዳለበት፣ የትኛው ደግሞ ጨርሶ መነካት እንደሌለበት መለየት ከእጅ ሥራው ሁሉ ይከብዳል።

1. ሂሳቡን ይሥሩ

አንድ ግሉኮስ ተሰብሮ ፓይሩቬት የሚባሉ ባለ ሦስት ካርቦን ሁለት ሞለኪውሎች ይሆናል። እያንዳንዱ ፓይሩቬት ለሁለት ተሰንጥቆ አንድ ካርቦን ያለውን ፎርሜትና ሁለቱን ካርቦን የሚሸከመውን አሴቲል-ኮኤ ይሰጣል። ፎርሜቱን ሃይድሮጂኔዝ 3 የሚገኝበት የኢንዛይም ስብስብ ወደ ሃይድሮጂንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። በዚህ መንገድ ከአንድ ሞል ግሉኮስ ከ2 ሞል በላይ ሃይድሮጂን አይገኝም፤ ማለትም ከ180 ግራም ግሉኮስ ቢበዛ 4 ግራም። ክሎስትሪዲየም የተባሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ጣሪያ 4 ሞል ነው። ያም ሆኖ ለጀማሪ ኢ. ኮላይን እመርጣለሁ፤ ጂኖቹ በደንብ ተጠንተዋል፣ መሣሪያውም የተሟላ ነው። ኬ-12 የተባለው የቤተ ሙከራ ዝርያ በሽታ አያመጣም፤ ሥራው ግን የዘረመል ምሕንድስና ፈቃድ ባለው ቤተ ሙከራ ብቻ መከናወን አለበት።

2. የሚጠፉትን ጂኖች ይምረጡ

ሃይድሮጂኔዝ 1 እና 2 የወጣውን ሃይድሮጂን መልሰው ይበላሉ፤ ኤችዋይኤቢ እና ኤችዋይቢሲ የተባሉት ጂኖች ሲጠፉ ሁለቱም ሥራ ያቆማሉ። ኤችዋይሲኤ የሃይድሮጂን መስመሩን የሚያፍን ጂን ስለሆነ እሱም ይወገድ። ኤልዲኤችኤ ፓይሩቬትን ወደ ላክቴት ይወስዳል፤ ኤፍአርዲሲ ደግሞ ካርቦኑን ወደ ሰክሲኔት ያሾልካል፤ እነዚህም ሁለቱ ይጥፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ኢታኖልም ብክነት መስሎት ኢታኖል የሚያመርተውን ጂን ኤዲኤችኢን ያጠፋል፤ ባክቴሪያውም አየር በሌለበት ግሉኮስ ላይ ማደግ ያቆማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግሉኮስ ሲሰበር ኤንኤዲኤች የሚባሉ ኤሌክትሮን የተሸከሙ 2 ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ፤ ሸክማቸውን የሚያራግፉበት ቦታ ካላገኙ ስኳሩን የመስበሩ ሂደት ራሱ ይቆማል። አንዱ አሴቲል-ኮኤ ኢታኖል ሲሆን ሁለቱንም ይቀበላል፤ ሌላው አሴቴት ሆኖ ለባክቴሪያው ጉልበት ይሰጣል። ሂሳቡ የሚዘጋው በዚህ መልክ ስለሆነ ኢታኖሉን ይተዉት።

3. ጂኖቹን አንድ በአንድ ያጥፉ

በ2006 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የኬዮ ስብስብ 3,985 የኢ. ኮላይ ጂኖች በተናጠል የጠፉባቸውን ዝርያዎች ይዟል። በእያንዳንዱ ላይ በጠፋው ጂን ቦታ ካናማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚቋቋም ጂን ተተክቷል። ፒ1 በተባለው ፋጅ (ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ) አማካይነት ይህን ክፍል ወደ ራስዎ ዝርያ ያሻግሩና በካናማይሲን ላይ ያደጉትን ይልቀሙ። ከዚያ ፒሲፒ20 የተባለውን ፕላስሚድ (ትንሽ ክብ ዲ ኤን ኤ) በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያስገቡ፤ ሙቀቱ ወደ 42 ዲግሪ ከፍ ሲል በሚያመርተው ቆራጭ ኢንዛይም የመቋቋሚያውን ጂን ቆርጦ ያወጣል፣ ራሱም ይጠፋል። አሁን ወደ ቀጣዩ ጂን መሄድ ይቻላል።

ጂኑ መጥፋቱን በየዙሩ በፒሲአር (የተመረጠ የዲ ኤን ኤ ክፍልን አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) ያረጋግጡ። እያንዳንዱ ዙር በክሮሞሶሙ ላይ ተመሳሳይ ጠባሳ ስለሚተው፣ ጠባሳዎቹ ሲበዙ ቆራጩ ኢንዛይም በሁለቱ መካከል ያለውን ዲ ኤን ኤ ሊያጠፋ ወይም ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ የቀድሞዎቹንም ቦታዎች ደግመው ይመርምሩ።

4. ማብሪያውን ያጠንክሩ

ኤፍኤችኤልኤ ፎርሜት ሲኖር የሃይድሮጂን መስመሩን የሚያበራ ጂን ነው። በፕላስሚድ ላይ አድርገው በብዛት እንዲመረት ያድርጉ።

5. ያብላሉ

ጠርሙሱን በጎማ ክዳን አሽገው አየሩን በናይትሮጂን ያስወጡ፤ በ37 ዲግሪ ያቆዩት። ሃይድሮጂኔዝ 3 ያለ ኒኬል፣ ፎርሜት ሰባሪው አጋሩ ደግሞ ያለ ሴሊኒየምና ሞሊብዲነም ስለማይሠሩ ሦስቱም በማራቢያው ፈሳሽ ውስጥ በጥቂቱ ይኑሩ። ናይትሬት መስመሩን ስለሚያፍን አይጨምሩ። ቀለል ያለ አሲድነት ምርቱን ያግዛል፤ ከመጠን ሲያልፍ ግን እድገቱን ስለሚገታ ፒኤቹን ይከታተሉ።

6. ይለኩ

በፈሳሹ ውስጥ የተደፋች ትንሽ ቱቦ አናት ላይ አረፋ ሲጠራቀም ጋዝ መኖሩ ይታወቃል፤ አረፋው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድም አለበት። ትክክለኛውን መጠን የሚነግረው ጋዞችን ለይቶ የሚለካው መሣሪያ፣ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ነው። ናሙናውን በመሣሪያው ውስጥ የሚያሳልፈው ተሸካሚ ጋዝ አርጎን ወይም ናይትሮጂን ይሁን፤ የሂሊየም ሙቀት አስተላላፊነት ለሃይድሮጂን ስለሚቀርብ ምልክቱን ያደበዝዘዋል። ሃይድሮጂን ከ4 እስከ 75 በመቶ ሆኖ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ስለሚቀጣጠል እሳት አይቅረብ።

የሃይድሮጂኑን ሞል ለተበላው ግሉኮስ ሞል ያካፍሉ፤ ያልተነካውን ዝርያም ጎን ለጎን ይለኩ። በፈሳሹ ውስጥ የቀረውንም ይመርምሩ። ፎርሜት ከተጠራቀመ ችግሩ አራተኛው እርምጃ ላይ ወይም የማዕድናቱ እጥረት ላይ ነው፤ ላክቴት ካገኙ ሦስተኛው እርምጃ አልተሳካም ማለት ነው።