ደሴ ላይ የሁለት ዓመት የጤና ሳይንስ ትምህርት ለሚጀምሩ የአጠናን መመሪያ

ከወረኢሉ፣ ከወገልጤና ወይም ከመካነ ሰላም ስንቁን ቋጥሮ ደሴ የሚገባ አዲስ ተማሪ ከስንቁ ጋር አንድ ልማድም ይዞ ይመጣል፤ ይኸውም ፈተና ሲቃረብ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ደብተር መሸምደድ ነው። ይህ ልማድ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አሻግሮት ሊሆን ይችላል። በጤና ሳይንስ ትምህርት ግን በአፍ ያልተነገረና በእጅ ያልተሠራ ነገር እንደተጠና አይቆጠርም፤ ነርሲንግም ተማሩ አዋላጅነት፣ ፋርማሲም ተማሩ ላቦራቶሪ፣ ሁለቱን ዓመት ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ በዚህ አስተሳሰብ ማዋቀር ይገባል።

የመጀመሪያው ፈተና ቋንቋ ነው። ሞጁሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን ታማሚው የሚናገረው በአማርኛ ነው። ስለዚህ አንድ ደብተር ለብቻው መድቡና ገጹን በሦስት ዓምድ ክፈሉት፤ በመጀመሪያው ዓምድ የሕክምናውን ቃል፣ በሁለተኛው የቃሉን ፍች በየክፍሉ፣ በሦስተኛው ሕዝቡ የሚጠራበትን ስም ጻፉ። ሄፓታይተስ፣ ጋስትራይተስና ኔፍራይተስ መጨረሻቸው አንድ የሆነው ሁሉም መቆጣትን ስለሚገልጹ ነው፤ ከፊት የቀረው ጉበትን፣ ጨጓራንና ኩላሊትን ያመለክታል። ይህን የተረዳ ተማሪ ሠላሳ ቃል በሁለት ማታ ይይዛል። ሦስተኛው ዓምድ ግን ከመጽሐፍ አይገኝም። ዓይኑ ቢጫ የሆነበት ሰው «ወፍ ነው» ሊላችሁ ይችላል፤ «ልቤን ያመኛል» የሚል ደግሞ ጨጓራውን ማለቱ ሊሆን ስለሚችል፣ «ልብ» ብላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ቦታውን በጣቱ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ከሚሴ ወይም ባቲ የምትመደቡም «የት ያምዎታል?» የሚለውን በኦሮምኛ መጠየቅ ብትለምዱ ከብዙ ገጽ ንባብ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

የተግባር ሥራዎችን ሁለት ሆናችሁ አጥኑ። አንዱ ቼክ ሊስቱን ይዞ ይከታተል፣ ሌላው እያንዳንዱን እርምጃ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየተናገረ ይሥራ፤ ከዚያም ቦታ ተለዋወጡ። ተመዛኙ በልቡ የሚያውቀውን መዛኙ ሊያይለት አይችልም። የደም ግፊት መለካትን ብንወስድ፣ ታማሚው አምስት ደቂቃ ያህል ማረፍ፣ ጀርባው መደገፍ፣ ክንዱም በልቡ ትክክል መቀመጥ እንዳለበት የማይጽፍ ተማሪ የለም። የደሴ ብርድ ግን ሌላ ነገር ያመጣል። አዛውንቱ በሹራብ ላይ ጋቢ ደርበው ይቀርባሉ፤ ተማሪው ማስወለቁን ያፍርና የመለኪያውን መጠቅለያ በሹራቡ ላይ ያስራል፣ ወይም እጅጌውን ክንዳቸው እስኪጠብቅ ድረስ ወደ ላይ ይሰበስባል። ሁለቱም ልኬቱን ያበላሹታል። «አብሽሩ አባባ፣ አንዱን እጅዎን ብቻ እናውጣው» ማለትም የሙያው አካል ስለሆነ፣ ጓደኛችሁን ጋቢ አልብሳችሁ ተለማመዱት።

ስሌትን በየማታው ሥሩ፤ አምስት ጥያቄ በቂ ነው። 1,000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት እንዲገባ ቢታዘዝና የጉሉኮሱ መስመር ለ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ቢሆን፣ 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ተካፍሎ በደቂቃ 42 ገደማ ይሆናል። 12 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ 180 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል፤ ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ከያዘ 7.5 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። ነጥቧ አንድ ቤት ብትዘል 75 ስለሚሆን፣ መልሱን ካገኛችሁ በኋላ «ይህ በማንኪያ ስንት ይሆናል?» ብላችሁ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳታዩት አትለፉት።

እኔ ራሴ በተማሪነቴ ጤና ጣቢያ ወጥቼ የደነገጥሁት በዚሁ በቁጥር ነገር ነው። ወሩ መጋቢት ነበር። አንዲት እናት የሚያስል ልጅ ይዛ መጣች፤ ዕድሜውን ብጠይቃት «ገና ዓመቱ ነው» አለችኝና 11 ወር ብዬ መዘገብሁ። ልጁ ጡት ይዞ ጸጥ እስኪል ጠብቄ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርሁ፤ 44 ሆነ። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን ፈጣን የሚባለው 50 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ ተራ ጉንፋን ነው ብዬ ልሸኛት ስል፣ አብራኝ የነበረችው ነባር ነርስ «እናቴ፣ የተወለደው መቼ ነበር?» አለቻት። «ያምና በጥምቀት ማግሥት።» ልጁ 14 ወር ሆኖታል። ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ደግሞ መለያው 40 ነው፤ ስለዚህ ያው 44 ፈጣን ትንፋሽ ሆነና ልጁ የሳንባ ምች መድኃኒት ጀመረ። ቁጥሮቹን ሁሉ ሸምድጄ ነበር፤ ያላጠናሁት ዕድሜ እንዴት እንደሚጠየቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕድሜን በበዓል እጠይቃለሁ። በነገራችን ላይ ረመዳንና መውሊድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድመው ስለሚመጡ፣ በእነርሱ የሚነገር ልደት የየትኛው ዓመት እንደሆነ አጣርቶ ማስላት ይፈልጋል።

ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል ስትመደቡ ቦታው የሚታወቅበትን ነገር ለይታችሁ ሂዱ። ለምሳሌ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም ስላለው፣ እዚያ የምትመደቡ ስሜት ያጣ የቆዳ ንጣትን እንዴት እንደሚፈትሹ ሳትለማመዱ አትመለሱ። ሎግ ቡካችሁን፣ ማለትም የሠራችሁት ተግባር የሚመዘገብበትን ደብተር፣ የሠራችሁበት ዕለት አስፈርሙ፤ በወሩ መጨረሻ አስፈራሚ ፍለጋ መዞር ጊዜ ከመፍጀቱም ሌላ ያልሠሩትን ለመጻፍ ይፈትናል። ከአዳር ተራ በኋላ ለማንበብ አትታገሉ፤ ያያችሁትን አንድ ታማሚ በአምስት መስመር ጽፋችሁ ተኙ፣ ስትነቁ ስለዚያው በሽታ አንብቡ።

በመጨረሻ የሚመጣው የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ለጽሑፉ ሁሉም ይጨነቃል፤ ብዙዎችን የሚጥለው ግን እጅ ሳይታጠቡ መጀመር ወይም የታማሚውን ስም ሳያረጋግጡ መርፌ ማንሣት ነው። ለምዘናው ዕለት ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ጋዋናችሁን እጠቡ፣ ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓትም ከጓደኛ ተውሳችሁም ቢሆን ያዙ፤ ስልክ ይዞ መግባት ላይፈቀድላችሁ ይችላል።