ጊታሩን ይዘው ኬዙን አይሽጡ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የሙያ ባልደረባዬ ከዘመዱ የተሰጠውን፣ ጊብሰን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1970ዎቹ የሠራውን ጊታር ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲያመጣ ኬዙን፣ ማለትም የጊታሩን ጠንካራ መያዣ፣ እዚያው ምድር ቤት ትቶት መጣ። ኬዙ ባዶውን አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የመንገደኛ ሻንጣ ደግሞ በኪሎ ይቆጠራል። ጊታሩን በለስላሳ ከረጢት ይዞት ገባ። ዘመዱ በሁለተኛው ዓመት ቤት ሲቀይር ምድር ቤቱ ተጠረገ፤ ኬዙም ከአሮጌ ዕቃ ጋር ተጣለ። ጊታሩ ዛሬም ድምፁ ያምራል፤ ከየት መጣ ሲባል ግን ማስረጃው ጎድሏል። «ኬዙን ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው?» የሚል ሰው በገጠመኝ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። መልሴም አይለወጥም፦ አስቀምጠው። ምክንያቱን ሰዎች ሲሳሳቱ ባየኋቸው ነገሮች በኩል ላስረዳ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬዙን እንደ ካርቶን መቁጠር

ብዙ ሰው የጊታር ኬዝን ቴሌቪዥን እንደመጣበት ካርቶን ያየዋል። በአሜሪካ የቆዩ ጊታሮችን የሚሰበስቡ ሰዎች ግን እንደዚያ አያዩትም። ጊብሰን ከ1958 እስከ 1960 የሠራው ሌስ ፖል ስታንዳርድ ዛሬ እጅግ ውድ ከሚባሉት የኤሌክትሪክ ጊታሮች አንዱ ነው። አብሮት ይሸጥ የነበረው፣ ከውጭ ቡናማ ከውስጥ ሮዝ ገበር ያለው፣ የኒው ዮርኩ ሊፍተን ኩባንያ የሠራው ኬዝ ባዶውን በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። እንዲህ የተወደደው ኮምፔርሳቶው የተለየ ስለሆነ አይደለም። ጊታሩ ኖሮት ኬዙ የጠፋበት ሰው ስላለ ነው። ስለዚህ ኬዙን ለብቻው ሲሸጡ ገዢው የራሱን ጊታር የሚያሟላው የእርስዎን በማጉደል ነው። ዛሬ በእጅዎ የገባው ገንዘብ፣ ነገ ጊታሩን ሲሸጡ ገዢው «ኬዙስ?» ብሎ ከዋጋው ላይ የሚቀንስብዎት ነው።

ኬዝ ዕድሜም ይናገራል። የሌላው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ፣ የፌንደር፣ ኬዞች በ1950ዎቹ በአብዛኛው ትዊድ በሚባለው ቢጫማ ጨርቅ የተለበጡ ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቡናማ መጣ፣ ለአጭር ጊዜ ነጭ ተከተለ፣ ከዚያ ጥቁሩ ቆየ። ልምድ ያለው ሰው ክዳኑን ሳይከፍት ዘመኑን ይገምታል። እኔ ይህን ዕውቀት እንደ ቅርስ ነው የማየው፤ ጊታሩና ኬዙ በተለያዩ ቁጥር ከዚህ ዕውቀት ትንሽ ይጠፋል።

ያረጀ ኬዝ ሁሉ ኦሪጅናል ነው ብሎ ማመን

ኬዝ በሙዚቀኞች መካከል በቀላሉ ይቀያየራል። ልምምድ ቤት ውስጥ አምስት ጥቁር ኬዞች ተደርድረው፣ ሰው በችኮላ የሌላውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ የፋብሪካው ስም ክዳኑ ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ጊታሩን አውጥተው ገበሩን በደንብ ያዩት። ለዓመታት አንድ ጊታር ያደረበት ከፋይ የገላውን ቅርጽ፣ የመቃኛዎቹንና የማንገቻ ቁልፉን ጠባሳ ይይዛል። ጠባሳው ከጊታርዎ ጋር ካልገጠመ ኬዙ የሌላ ጊታር ነበረ ማለት ነው። የዘመኑ ኬዝ ሆኖ አብሮት ያልመጣ ከሆነም ለገዢው ያንኑ ይንገሩት። «ከዘመኑ» እና «ከፋብሪካ አብሮት የወጣ» የሚሉት ሁለት አባባሎች የሚያወጡት ዋጋ አንድ አይደለም።

ማስቀመጥን ከመጠቀም ጋር ማምታታት

ይህኛው ስህተት ጊታር ያሰብራል። ኬዙን አልሸጥም ያለ ሰው በየሳምንቱ ለሠርግ ሥራ ታክሲ ላይ ይጭነዋል። የሃምሳ ዓመት ሙጫ ደርቋል፤ ማጠፊያው ላልቷል፤ እጀታው በመንገድ መካከል ይበጠሳል።

በተለይ የጊብሰን ባለቤቶች ይጠንቀቁ። የ1950ዎቹ ጊብሰን ጊታር ራስ፣ ማለትም መቃኛዎቹ ያሉበት ጫፍ፣ ወደ ኋላ 17 ዲግሪ ያህል ዘንበል ያለ ነው። አንገቱ ማሆጋኒ ነው፤ አንገትና ራስ የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ በውስጡ ያለውን የብረት ዘንግ ማስተካከያ ለማስገባት ስለተቦረቦረ ስስ ነው። ክሮቹ ሁልጊዜ ይጎትቱታል። ኬዙ ቆሞ ሳለ በጀርባው ከወደቀ ጊታሩ መሬት ሳይነካ፣ ከኬዙ ሳይወጣ፣ ልክ እዚያ ጋ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ጊታሩ ሲተኛ ክብደቱን የሚሸከመው ከአንገቱ ሥር ያለው ድጋፍ መሆን አለበት፤ የጊታሩ ራስ ግን የኬዙን ወለል ሳይነካ ይንጠልጠል። በአሮጌ ኬዝ ድጋፉ ሰምጦ ይገኛል። ያን ጊዜ ንጹሕ ጨርቅ አጥፈው ከአንገቱ ሥር ያድርጉ፤ ከራሱ ሥር ግን ምንም አያስገቡ።

ለሥራና ለጉዞ አዲስ ጠንካራ ኬዝ ይግዙ፤ አሮጌው ቤት ይቀመጥ። ወጪው ከአንገት ጥገና ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ማሳመር

ገበሩን በአዲስ ከፋይ መቀየር፣ ውጩን ቀለም መቀባት፣ የተለጠፈበትን የድሮ ወረቀት መላጥ፤ ይህ ሁሉ በቅን ልብ የሚሠራ ጥፋት ነው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሳት ይበቃል። እጀታው ከተበጠሰ ይቀየር፤ የተበጠሰውን ግን አይጣሉት፣ ኬዙ ውስጥ ካለችው ትንሽ ሳጥን ያስቀምጡት።

በዚያች ሳጥን ውስጥ ያለውንም እንዲሁ አይንኩ። የዋስትና ካርድ፣ መመሪያ፣ የዋጋ ወረቀት፣ የኬዙ ቁልፍ፣ አሮጌ ማንገቻ፤ ለእርስዎ ኮተት ቢመስሉም ለሚቀጥለው ባለቤት ማስረጃ ናቸው።

ዘግቶ መርሳት

የአዲስ አበባ ክረምት ለተዘጋ ኬዝ አይመችም። ለጊታር እንጨት የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው፤ ርካሽ መለኪያ ገዝተው ኬዙ ውስጥ ቢያስቀምጡ ብዙ ይታደግዎታል። የሻጋታ ሽታ ካለው ጊታሩን አውጥተው ኬዙን ክፍት አድርገው ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ያቆዩት። ናፍታሊን አይጨምሩበት፤ ሽታው እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ለረጅም ጊዜ አይለቅም።

ሌላም አለ። የቆዩ ጊታሮች የተቀቡት ናይትሮሴሉሎስ የሚባለው ላከር (የሚያብረቀርቅ ቅብ) ጎማና አንዳንድ ፕላስቲክ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል። ማንገቻውን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ወይም የጎማ መያዣ ያለውን ማቆሚያ ከጊታሩ ገላ ጋር አስጠግተው አይዝጉ። ጠዋት ሲከፍቱት የገመዱን ጠባሳ ላከሩ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ።

የትላንቱን ኬዝ እንደ ቅርስ ማየት

በቅርቡ የተገዛ፣ በብዛት የሚመረት ጊታር ከሆነ ኬዙ ብቻውን ብዙ አያወጣም። ቤቱ ጠባብ ሆኖ ከተቸገሩ ከጊታሩ ጋር አብሮ ይሸጥ፤ ጊታሩን የሚያስቀሩት ከሆነ ግን አልጋ ሥር ይግባ። ለብቻው ቢሸጡ የማይቆጭዎት ከጊታርዎ ጋር እንዳልመጣ ያረጋገጡት ኬዝ ነው። እሱ እንዲያውም ወደሚገባው ጊታር ቢሄድ ደስ ይላል።

ሁለቱን አብረው ሲሸጡ ደግሞ ጊታሩ ኬዙ ውስጥ ተኝቶ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ገበሩ በግልጽ በሚታይበት ብርሃን ፎቶ ያንሱት። ከማን እንደገዙት፣ በስንት ዓመት እንደገዙት፣ ምን እንደተቀየረለት በአንድ ወረቀት ጽፈው በትንሿ ሳጥን ውስጥ ይተዉለት።