የካሜራ ሴንሰርን ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኝ መሐንዲስ አፈላለግ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ተቀምጦ የካሜራ ሴንሰርን (ብርሃንን ወደ ምስል የሚለውጠውን ቺፕ) በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት የሚያስብ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምረው «ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ጥያቄው እጅግ ሰፊ ስለሆነ መልሱም አይጠቅምም። ሥራው የሰርኪዩት፣ የፈርምዌር (በመሣሪያው ቺፕ ውስጥ የሚጫነው ፕሮግራም) እና የምስል ማቀናበር ሙያን በአንድ ላይ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ሦስቱንም አሟልቶ የያዘ አንድ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ባለሙያ ከመፈለግዎ በፊት የሚፈልጉትን በአንድ ገጽ ጽፈው ይያዙ፤ የትኛው ሙያ እንደጎደለዎ የሚነግርዎት ያ ገጽ ነው።

ለምሳሌ የጤፍ ዘር ንጽሕናን በካሜራ የሚመረምር መሣሪያ ሊሠሩ አስበዋል እንበል። የአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ሰሌዳ ኦቪ7670 በተባለው ባለ 640 በ480 ፒክሰል (የምስል ነጥብ) ሴንሰር ቢያነሡት፣ ለአንዲት ፍሬ የሚደርሳት 6 ፒክሰል ብቻ ስለሆነ ጤፉን ከአረም ዘር መለየት ያስቸግራል። አይኤምኤክስ219 በተባለው ባለ 3280 በ2464 ፒክሰል ሴንሰር ቢያነሡት ግን 33 ገደማ ይደርሳታል። በገጹ ላይ በመጀመሪያ የሚሰፍረው እንግዲህ የሴንሰሩ ስም ሳይሆን የሚታየው ነገር መጠን ነው።

ቀጥሎ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያስፈልግ ይጻፉ። የምስሉን ወርድ በቁመቱ፣ ያንን በአንድ ፒክሰል ባይት ብዛት፣ ያንንም በሰከንድ በሚነሡት ምስሎች ቁጥር ያባዙ። 640 በ480 ምስል በፒክሰል 2 ባይት እየወሰደ በሰከንድ 30 ጊዜ ሲነሣ 18.4 ሚሊዮን ባይት ይሆናል፤ ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ 480 ሜጋቢት (60 ሚሊዮን ባይት) ይባልለት እንጂ በተግባር የሚያሳልፈው 40 ሚሊዮን ባይት ገደማ ስለሆነ ይህን ይችለዋል። 1280 በ720 ሲሆን ግን 55 ሚሊዮን ስለሚደርስ፣ ወይ ምስሉን መጭመቅ ወይም በሰከንድ 5 ጊጋቢት ወደሚሄደው ዩኤስቢ 3.0 መሸጋገር ግድ ነው። ሰሌዳ ላይ የተበተነ ጤፍ የትም ስለማይሮጥ፣ ከአይኤምኤክስ219 በሰከንድ አንድ ምስል ብቻ ቢወስዱ መጠኑ ከ16 ሚሊዮን ባይት ብዙም አያልፍም፤ ርካሹ መንገድ ይበቃል ማለት ነው። ይህን ስሌት ሳይሠሩ መሐንዲስ ዘንድ የሚሄዱ ሰዎች ለማያስፈልጋቸው ፍጥነት ገንዘብ ይከፍላሉ።

ሦስተኛው ነጥብ የሴንሰሩ መውጫ ነው። ሴንሰር በራሱ ዩኤስቢ አይናገርም። ምስሉን የሚያወጣው በትይዩ ሽቦዎች ወይም ሚፒ ሲኤስአይ-2 በተባለው ፈጣን መስመር ሲሆን፣ ትእዛዝ የሚቀበለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይቱሲ በተባለው ቺፖች በሁለት ሽቦ በሚነጋገሩበት መስመር ነው። ስለዚህ በመካከል አስተርጓሚ ቺፕ ያስፈልጋል፤ ለትይዩው ኤፍኤክስ3፣ ለሚፒው ሲኤክስ3 የታወቁ ናቸው። ሁለቱንም ያወጣው ሳይፕረስ የተባለው ኩባንያ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንፊኒየን ኩባንያ ሥር ነው። ውጤቱ ዩቪሲ የተባለውን የዩኤስቢ ቪዲዮ ደንብ እንዲያከብር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ያን ጊዜ ዊንዶውስና ሊነክስ የተባሉት የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓቶች መሣሪያውን ያለ ልዩ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) እንደ ተራ የድር ካሜራ ይቀበሉታል። ራስበሪ ፓይ ዜሮ የተባለችው ትንሽ ኮምፒውተርም አይኤምኤክስ219ን በሪባን ገመድ ተቀብላ በዩኤስቢ በኩል ራሷን እንደ ካሜራ ማቅረብ ስለምትችል፣ ቦርድ ከማሠራት በፊት በእርሷ መሞከር ይገባል። እንዲያውም ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የዩኤስቢ ካሜራ የሚበቃዎ ከሆነ ባዶ ሴንሰር ይዞ መንከራተት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ባዶ ሴንሰር የሚያስፈልገው ያልተነካ ጥሬ ምስል፣ በውጭ ምልክት የሚታዘዝ አነሣስ ወይም የተለየ ቅርጽ ሲፈለግ ነው።

ገጹ ከተጻፈ በኋላ ሰው መፈለግ ይቀላል። በጎጃም የመጀመሪያው በር የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው፣ የከተማው ሰው ዛሬም «ፖሊ» የሚለው ግቢ ማለት ነው። የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምሕንድስና ፋኩልቲው፣ እንዲሁም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አቻው ክፍል፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራ ርእስ በሚመርጡበት ወቅት አንድ ገጹን ከማመልከቻ ጋር ቢቀበሉ፣ ለእርስዎ ባለሙያ ለእነርሱ ርእስ ሊገኝ ይችላል። ርእስ ከተያዘ በኋላ ከሄዱ ግን አንድ ዓመት መጠበቅዎ ነው። ደቃቃ ቺፕ መበየድ ሲያስፈልግ ደግሞ ሙቅ አየርና ማይክሮስኮፕ ያለውን ሞባይል ጠጋኝ አይናቁት፤ እጁ ከብዙ መሐንዲስ እጅ ይልቅ የተፈተነ ነው።

ባለሙያውን «ትችላለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም እችላለሁ ይላል። ይልቅስ ትንሽ ሥራ ሰጥተው ይክፈሉት፤ የሴንሰሩን መለያ ቁጥር በአይቱሲ አንብቦ ያሳይ። አይኤምኤክስ219 በትክክል ኃይል አግኝቶ ከተጠየቀ 0219 ብሎ ይመልሳል። ይህን ለማድረስ ከዩኤስቢው 5 ቮልት ላይ 2.8፣ 1.8 እና 1.2 ቮልት ማውጣትና በተገቢው ቅደም ተከተል መስጠት ስለሚያስፈልግ፣ ፈተናው ትንሽ ቢመስልም ብዙ ይገልጣል። ሁለተኛው ክፍያ ሴንሰሩ በራሱ የሚያወጣው የሙከራ ቀለም ምስል ኮምፒውተር ላይ ሲታይ፣ ሦስተኛው እውነተኛው ምስል ሲገኝ ይሁን። ጥሬው ምስል አረንጓዴ መስሎ ቢታይ አይደንግጡ፤ እያንዳንዱ ፒክሰል አንድ ቀለም ብቻ ስለሚይዝ ቀለሙን የማሟላት ሥራ ይቀራል፤ ይህም የሦስተኛው ሙያ፣ የምስል ማቀናበር፣ ድርሻ ነው።

አንዳንድ አምራቾች የሴንሰራቸውን ሙሉ ሰነድ የምስጢር ውል ላልፈረመ ሰው አይሰጡም። ስለዚህ እንደ አይኤምኤክስ219 ወይም ኦቪ5640 ድራይቨራቸው በሊነክስ ውስጥ በግልጽ የሚገኝ ሴንሰሮችን ይምረጡ።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የሰርኪዩቱን ሥዕልና የፈርምዌሩን ምንጭ ኮድ ይረከቡ፤ ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ ሥራው አብሮት እንዳይሄድ። ከዚያም መሣሪያውን ምንም ባልተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው አንድ ሰዓት ያሠሩት፣ ነቅለው መልሰው ይሰኩት፤ ምስሉ ያለ ችግር ከተመለሰ ርክክቡን ይፈርሙ።