ጨው በዘይት አይታጠብም፦ የባሕር ማጥመጃ ሪልን በቤት ውስጥ ፈትቶ ማደስ

የአክስቴ ልጅ በጅቡቲ መስመር የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዓሣ አጥማጅ የሸጠለትን የባሕር ሪል (የማጥመጃ ክር በእጀታ የሚጠነጠንበትን መሣሪያ) በጋዜጣ ጠቅልሎ ጅማ ድረስ አመጣልኝ። በግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ላይ ቆሮሶና ነጭ ዓሣ ለማጥመድ ያን ያህል ጉልበት ያለው ሪል እንደማያስፈልገኝ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስጦታ ግን ስጦታ ነው። ወሩ ግንቦት ነበር። እጀታውን ባዞረው ያለ ኮሽታ ዞረ። ደስ ብሎኝ በዚያው ጋዜጣ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀመጥኩት። በመስከረም ሳወርደው እጀታው ንቅንቅ አልል አለ።

በእነዚያ አራት ወራት ሪሉ ባሕር አላየም። ያየው የጅማን ክረምት ብቻ ነው፤ ያም በቂ ነበር።

የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ቀይ ባሕር ደግሞ 40 ግራም ገደማ። ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። በሐምሌ ወር የወጥ ቤታችሁን የጨው ዕቃ ከፍታችሁ ታውቁ እንደሆነ ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ስቦ ሲርስ አይታችኋል። የገበታ ጨው ይህን የሚያደርገው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው። የባሕር ጨው ውስጥ ያለው ማግኒዥየም ክሎራይድ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ እርጥበትም ውሃ ይስባል። ስለዚህ ሪሉ ውስጥ ደርቆ የቀረው ጨው በእኛ ክረምት እንደገና ወደ ጨዋማ ውሃ ይለወጣል። በዚህ ውሃ ውስጥ አሉሚኒየም፣ ነሐስና የማይዝግ ብረት ተነካክተው ሲቀመጡ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው።

የደረቀ ሪል ሲያዩ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ዘይት ማንጠባጠብ ነው። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። ዘይት ግን ጨው አያሟሟም፤ ቤንዚንም አያሟሟም። ጨው የሚሟሟው በውሃ ነው። ውሃ ደግሞ በአሮጌ ግራሶ ስር የተደበቀውን ጨው አይደርስበትም። ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው፦ ግራሶውን በቤንዚን ማስለቀቅ፣ ጨውን በውሃ ማጠብ፣ ፈጽሞ ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አዲስ ቅባት መቀባት።

ከመጀመራችሁ በፊት

መስቀለኛና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ትንሽ ፒንሳ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ክር የማይለቅ የጥጥ ጨርቅ፣ ጥቂት ቤንዚን፣ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃሉ። ለቅባት የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ከማንኛውም ልብስ ሰፊ ዘንድ ይገኛል፤ ቀጭን ስለሆነ ለኩሽኔታዎቹ፣ ዘንግ ያለ ችግር እንዲዞር ለሚይዙት ቀለበቶች፣ ይስማማል። ግራሶውን ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ስትገዙ ውሃ የማያጥበው ዓይነት መሆኑን ጠይቁ። መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ ዘይት በጠብታ ለመስጠት ይመቻል።

አንድ ጎረቤቴ በቅን ልቦና የኑግ ዘይት እንድጠቀም መክሮኝ ነበር። አታድርጉት። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ከጊዜ በኋላ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የምግብ ዘይት ሁሉ ለወጥ እንጂ ለማሽን አልተሠራም።

ቤንዚን ስላለ ሥራው በረንዳ ላይ ይሁን። ቡና እየተፈላ ከሆነ ደግሞ ከሰሉ እስኪጠፋ ጠብቁ፤ የቤንዚን ተን በዓይን ሳይታይ መሬት ለመሬት ተጉዞ ምድጃ ይደርሳል።

አፈታት

መጀመሪያ ክሩን ከሪሉ አውጡትና በባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ በተለይ የተገመደ ክር ጨው በውስጡ ይዞ ይቆያል። ሪሉን ራሱን ከመፍታታችሁ በፊት ከላይ ያለውን የጨው ብናኝ ለብ ያለ ውሃ በዝግታ እያፈሰሳችሁ እጠቡት። የፍሪሲዮኑን ማጥበቂያ ጥብቅ አድርጉ፤ ውሃ ወደ ሮንደላዎቹ እንዳይገባ። በጎማ ቱቦ በኃይል መርጨት ጨውን ከማስወጣት ይልቅ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ፍሪሲዮን ያልኩት ዓሣው ሲጎትት ክሩን በልክ እየለቀቀ የሚይዘውን ክፍል ነው። የመኪና ፍሪሲዮን ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ይህንንም ያውቀዋል፦ ተደራርበው የሚፋተጉ ሮንደላዎች ናቸው።

አሁን ሲኒዎች ያስፈልጋሉ። ጠርዛቸው የተሸረፈ፣ ለእንግዳ የማይቀርቡ ስምንት ወይም አሥር ሲኒዎች በአንድ መስመር ደርድሩ። መጀመሪያ የተፈታው ክፍል ከነብሎኖቹ በመጀመሪያው ሲኒ፣ ቀጣዩ በሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ስትገጥሙ ከመጨረሻው ሲኒ ትጀምራላችሁ። በዚያ ላይ እያንዳንዱን ክፍል ከማውጣታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ በተለይ ቀጫጭን ሮንደላዎች የትኛው ጎን እንደነበሩ። ከወረቀት የማይወፍር አንድ ሮንደላ ቦታው ቢለወጥ ማርሾቹ ሲዞሩ ያጉረመርማሉ።

ከላይ ጀምሩ። የፍሪሲዮኑን ማጥበቂያ ፈትታችሁ ክር ማጠንጠኛውን ወደ ላይ ሳቡት። ቀጥሎ እጀታው። እጀታን አንዳንዱ ሪል በጎኑ ባለ ብሎን ይይዘዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ራሱ እጀታው እንደ ብሎን የሚገባ ነው። ከዚያ የጎን ክዳኑ ብሎኖች ይፈታሉ፤ ሁሉም ወጥተው ክዳኑ አልነሳ ካለ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት፤ ከኋላው ሽፋን ስር የተደበቀ አንድ ብሎን ሊኖር ይችላል።

ክዳኑ ሲነሳ ትልቁ ማርሽ ይታያል፤ ግራና ቀኙ ላይ ኩሽኔታ አለው። እሱን ካወጣችሁ በኋላ ማጠንጠኛውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመላልሰው ዘንግ ይወጣል። ክሩን እየዞረ የሚያጠነጥነው ራስ በአንድ ዳዶ የታሰረ ነው። ይህ ዳዶ በአንዳንድ ሪሎች ላይ የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። እምቢ ካለ ጉልበት ከመጨመር በፊት ወደ ሌላኛው ጎን ሞክሩት።

ክሩን ወደ ማጠንጠኛው የሚመራው የሽቦ ቅስት ስር ያለችውን ሞላ የምትፈቱ ከሆነ እጃችሁንና ሪሉን አንድ ላይ ብርሃን በሚያሳልፍ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ፍቱት። የእኔ ሞላ ተስፈንጥሮ በረንዳው ላይ ለፀሐይ የተሰጣ ጀንፈል ቡና ውስጥ ገባ። ፍሬ በፍሬ ስንለቅም ግማሽ ቀን ሄደ፤ እናቴ እስካሁን «ያ የቡና ለቃሚ» እያለች ትጠራኛለች።

ማጠብ

የብረት ክፍሎችን በትንሽ ቤንዚን እያራሳችሁ በብሩሽ ፈትጉ። የማርሹን ጥርሶች አንድ በአንድ፣ የብሎኖቹን ጥርስም ሳትረሱ። የጎማና የፕላስቲክ ክፍሎች ቤንዚን አይንካቸው፤ ጎሚኒ ያብጣል፣ አንዳንድ ፕላስቲክም ይለሰልሳል። እነሱ በሳሙና ውሃ ብቻ ይጽዱ። የፍሪሲዮን ሮንደላዎችንም ለይታችሁ አስቀምጡ።

ቤንዚኑ ተንኖ ሲያልቅ ሁሉንም የብረት ክፍል ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ጨምሩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የእኔን ሪል ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፌ ውሃውን በጣቴ ጫፍ ቀመስኩት፤ ጨው ጨው አለኝ። ሁለተኛውም ውሃ እንደዚያው። በሦስተኛው ጣዕሙ ጠፋ። ቤንዚን በነካው ዕቃ ላይ ምላስ ማሳረፍ የሚመከር አይደለምና እናንተ ሳትቀምሱ ሦስት ጊዜ ቀይሩት።

በአሉሚኒየሙ ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ በብሩሽ አራግፉት። ስሩ ጥልቅ ጉድጓድ ካልሆነ ሪሉ ገና ብዙ ያገለግላል። ነሐሱ ላይ ያለው አረንጓዴ ዝገት በሎሚ ጭማቂ የተነከረ ጥጥ ሲነካው ይለቃል፤ ነገር ግን ወዲያው በውሃ ይለቅለቅ፤ አሲዱ ከቆየ እሱም ይበላል።

ኩሽኔታዎቹ ለብቻ ይታዩ። በክብሪት እንጨት ወይም በእርሳስ ጫፍ ሰክታችሁ በጣት አዙሩና ጆሮ አጠገብ አድርጉ። ዝም ብሎ የሚንሸራተተው ደህና ነው። አሸዋ እንደ ማኘክ የሚያሰማውን ክዳን ባለው ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ በቤንዚን ናጡት፣ ካስፈለገም ድገሙት፤ ከዚያ እንደ ሌሎቹ በውሃ አልፎ ይድረቅ። ከዚህ በኋላም ካልተሻለው ይቀየራል። ስትገዙ ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት በሚሊ ሜትር፤ ለምሳሌ 7፣ 14 እና 5። ጅማ ካጣችሁ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሶማሌ ተራ እንዲጠይቅላችሁ ቁጥሮቹን ጽፋችሁ ስጡት።

ማድረቁ በፀሐይ ሳይሆን አየር በሚያገኝ ጥላ ውስጥ፣ በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይሁን። በክረምት ከሆነ ሁለት።

መቀባትና መግጠም

የመጀመሪያ ጊዜ ጥፋቴ ግራሶ ማብዛት ነበር። የማርሾቹን ቤት ሞልቼ ክዳኑን ስዘጋ በጎን ተፍለቀለቀ። ከዚያም የባሰው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረውን ኩሽኔታ በግራሶ ሞልቼው ነበር። ይህ ኩሽኔታ እጀታው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ነው፤ ውስጡ ያሉት ትንንሽ ዘንጎች ወፍራም ቅባት ውስጥ ሲዋኙ መያዝ ያቅታቸዋል። ሐይቁ ላይ ዓሣው ሲጎትት እጀታው ወደ ኋላ ተሽከርክሮ ጣቴን መታኝ። ለእሱ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ብቻ፤ ቢቻል በጨርቅ ላይ አድርጎ ማበስ።

ግራሶ የሚገባው የማርሾቹ ጥርስ፣ ተመላላሹ ዘንግ የሚንሸራተትበት ቦታና የብሎኖቹ ጥርስ ላይ ነው። ብሎን ላይ የሚደረገው ጥቂት ግራሶ ብረቱን ከአሉሚኒየሙ ይለየዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ብሎኑ በቀላሉ እንዲፈታም ያደርጋል። ጥርሶቹ እንዲያብረቀርቁ እንጂ እንዲሰወሩ አትቀቡ።

ዘይት ደግሞ ለሌሎቹ ኩሽኔታዎች አንድ ወይም ሁለት ጠብታ፣ ለእጀታው መጨበጫና ለሽቦው ቅስት መታጠፊያ። ሽቦው ጫፍ ላይ ክሩ የሚያልፍበትን ትንሽ ተሽከርካሪ አትርሱ። ከሁሉ በላይ ጨዋማ ውሃ የሚያገኘው እሱ ነው፤ መዞር ካቆመ ክሩ በአንድ ቦታ እየፈገፈገ ቀስ በቀስ ይቆረጣል።

የፍሪሲዮን ሮንደላ ከሱፍ መሰል ጨርቅ ከሆነ እንደ ነበረው በቀጭኑ ዘይት ወይም ግራሶ ይነካ። የካርቦን ከሆነ ደረቅ ወይም እጅግ በጣም ቀጭን ቅባት ይበቃዋል። አብረቅርቆ የተበላ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ይቀየር።

ከዚያ ከመጨረሻው ሲኒ ጀምራችሁ፣ ፎቶዎቹን ወደ ኋላ እያያችሁ ግጠሙ። በየደረጃው እጀታውን አዙራችሁ ሳትሞክሩ ወደ ቀጣዩ አትለፉ። ብሎን መጀመሪያ በእጅ ይግባ፤ ካቻቢቴ የማጥበቂያ እንጂ የመጀመሪያ አይደለም፤ በአሉሚኒየም ውስጥ ጠሞ የገባ ብሎን ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ሁሉም ገብቶ አንድ ሮንደላ ሲኒ ውስጥ ቢቀር፣ ያው መልሶ መፍታት ነው።

ክሩን ስትመልሱ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አሳልፋችሁ ጠበቅ እያደረጋችሁ አጠንጥኑት፤ ከማጠንጠኛው ጠርዝ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀረው አቁሙ። ከሞላ ሲወረወር ይጠላለፋል።

ፍሪሲዮኑን በግምት አታጥብቁ። ቡና የሚገዙ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ተንጠልጣይ ሚዛን ተዋሱና ክሩን መንጠቆው ላይ አስራችሁ ጎትቱ። ክሩ የሚችለው አሥር ኪሎ ከሆነ ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ላይ መልቀቅ መጀመር አለበት። ሲለቅ ያለ መንቀጥቀጥ ከሆነ ሮንደላዎቹ ደህና ናቸው። እየዘለለ ከለቀቀ ክፍሉን ከፍታችሁ እንደገና እዩት።

ሲቀመጥ ይህ ማጥበቂያ ይላላ፤ ሮንደላዎቹ ተጨፍልቀው እንዳይቀሩ። ሪሉ በፌስታል አይታሰር፣ በጋዜጣም አይጠቅለል፤ ሁለቱም እርጥበት ይይዛሉ። አየር የሚያስገባ የጨርቅ ከረጢትና አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትመጣዋ እርጥበት መሳቢያ ከረጢት ይበቃሉ። እኔ ይህን ሁሉ በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና እሠራለሁ። ሹፌሩ የአክስቴ ልጅ ሪሉን ይዞ ጅቡቲ ወርዶ ከተመለሰ ግን በማግስቱ ነው። ስምንቱ ሲኒዎች አሁን የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ይኖራሉ፤ እናቴ ቤንዚን የነካው ሲኒ ረከቦቷ ላይ እንደማይመለስ አስታውቃለች።