መደርደሪያ ከማሠራትዎ በፊት

የመጻሕፍት መደርደሪያ ለማሠራት ያሰበ ሰው ከአናጺው በፊት ግድግዳውን ይምረጥ። በክረምት የውጭውን ግድግዳ በመዳፍዎ ይንኩት፤ ቀዝቅዞ ላብ ላብ ካለው መጻሕፍትዎን ወደዚያ አያስጠጉ። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ነሐሴ ላይ ሻግተው ከግድግዳው የተጣበቁ ስድስት መጻሕፍት ስፈለቅቅ ነው። አሁን መደርደሪያዬ በመኝታ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ነው፤ ከኋላውም ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ትቼለታለሁ።

ክብደቱንም አይናቁት። አንድ ሜትር ሙሉ መጻሕፍት ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቺፑድ ያለ ድጋፍ ከ80 ሴንቲሜትር በላይ ከተዘረጋ ውሎ አድሮ ይጎብጣል። አናጺው «ግድ የለም፣ ይችላል» ቢልዎትም (ሁሉም እንዲህ ይላሉ) መሐሉ ላይ ድጋፍ ያስገቡ።

በጋዜጣ የለበጧቸውን መጻሕፍት ልባሳቸውን ያውልቁላቸው፤ አለዚያ መደርደሪያው የቆየ ዜና ማሳያ ይሆናል። በዓይን ትክክል ባለው እርከን ላይ ሁለት ሦስቱን ሽፋናቸው ወደ ፊት እንዲታይ አቁሙና በየወሩ ይቀያይሯቸው። ቀይ ጀርባ ያላቸውን ግን ከመስኮት ያርቁ፤ ፀሐይ ቶሎ የምታደበዝዘው እነርሱን ነው።